ፈተናው የማይጠይቀው ሙከራ

ኬሚስትሪ የተማርኩት በጠመኔ ነው። መምህራችን ቢውሬቱንም፣ ቢከሩንም፣ ፍላስኩንም ሰሌዳው ላይ አሳምረው ይስሉልን ነበር፤ እኛም ወደ ደብተራችን እንገለብጣለን። ላብራቶሪው ከክፍላችን ጀርባ ነበር። በመስኮቱ ስናጮልቅ አቧራ የለበሱ ጠርሙሶች ይታዩናል፤ በሩ ግን ለእኛ አንድም ቀን አልተከፈተም። አሲድ ሊትመስን ቀይ እንደሚያደርግ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ በቃሌ አውቃለሁ። ሊትመስ ወረቀት በእጄ የያዝኩት ግን ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ነው።

ይህን ታሪክ የሚጋራኝ ሰው ብዙ ነው። ሳይንስ በተግባር ይሰጥ የሚለው ሐሳብ ግን ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በንጉሡ ዘመን ኮምፕሬሄንሲቭ የተባሉት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ከቀለሙ ጎን የእንጨትና የብረታ ብረት ሥራ ያስተምሩ ነበር። ደርግ ትምህርትን ከምርትና ከሳይንሳዊ ምርምር ጋር አቆራኛለሁ ብሎ ተነሳ፤ በፔዳጎጂካል ማዕከላትም መምህራን ከካርቶን፣ ከሽቦና ከቆርቆሮ መርጃ መሣሪያ ይሠሩ ነበር። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ደግሞ ችግር ፈቺ ዜጋ ማፍራትን ግቡ አደረገ። መንግሥታት በብዙ ነገር ሲለያዩ በዚህ ግን ተስማምተዋል።

ከዚያ ፕላዝማው መጣ። በ1990ዎቹ ማብቂያ በየሁለተኛ ደረጃው ክፍል ቴሌቪዥን ተሰቀለ፤ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በእንግሊዝኛ የተቀረጸ ትምህርትም በሳተላይት መተላለፍ ጀመረ። ላብራቶሪ አይቶ ለማያውቅ ተማሪ ሙከራን በዓይኑ ማየቱ ትልቅ ነገር ነበር፤ ይህን መካድ አይገባም። ነገር ግን ስክሪኑ አይጠብቅም ነበር። ተማሪው የጥያቄውን እንግሊዝኛ ፈትቶ ሳይጨርስ መልሱ ይነገር፣ ሥዕሉም ያልፍ ነበር። ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነበር፤ ብዙውን ፕላዝማው ሲወስደው መምህሩ ከዳር ቆሞ ያይ ነበር። ሙከራው ከእጅ ወጥቶ ወደ ዓይን ተዛወረ፤ ከዓይንም ወዲያው ጠፋ።

አሁን በሥራ ላይ ባለው ሥርዓተ ትምህርት 7ኛና 8ኛ ክፍል ላይ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ለየብቻ መሰጠታቸው ቀርቶ ጄኔራል ሳይንስ በሚል አንድ ትምህርት ተዋህደዋል። ውሳኔው ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ፤ ተፈጥሮ በክፍለ ጊዜ አልተከፋፈለችም። ችግሩ መምህሩ የሠለጠነው በአንዱ ብቻ መሆኑ ነው። በባዮሎጂ የተመረቀ መምህር የኤሌክትሪክ ምዕራፍ ላይ ሲደርስ ቢጨነቅና በንባብ ቢያልፈው ጥፋቱ የእሱ ብቻ አይደለም።

የሦስቱ ትምህርቶች መዋሃድ በተግባር ምን ሊመስል እንደሚችል ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ቡኾ ዕቃው ይበቃል። የጤፍ ዱቄት በውኃ ተቦክቶ እርሾ ይጨመርበታል። እርሾው ውስጥ ያሉት ሕያዋን ምንድን ናቸው? ይህ ባዮሎጂ ነው። በሁለተኛው በሦስተኛው ቀን ሊጡ ይኮመጥጣል። ቀይ ጥቅል ጎመን ቀቅሎ ውኃውን ማጥለል፣ ከሊጡ ላይ የሚቀዳውን እርሾ ጠብ ማድረግ ነው፤ ሐምራዊው ውኃ ወደ ቀይ ያደላል። የአመድ ውኃ ቢጨመርበት ደግሞ ወደ አረንጓዴ ይሄዳል። ይህ ኬሚስትሪ ነው፤ ሊትመስም አላስፈለገውም። ከሊጡ በጠርሙስ አድርጎ አፉ ላይ ፊኛ ቢገጥሙበት ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ፊኛውን ቀስ በቀስ ያቀናዋል፤ የእንጀራውን ዓይን የሚያወጣውም ያው ጋዝ ነው። አንዱ ጠርሙስ ፀሐይ ላይ፣ ሌላው ጥላ ውስጥ ተቀምጦ የፊኛው ዙሪያ በየሰዓቱ በክር ቢለካና በግራፍ ቢሰፍር ሒሳብ ገባበት። አብሲት ለምን ይጣላል? አክንባሎ ለምን ይከደናል? የተማሪዎቹ እናቶች ሁሉ የሚያውቁትን፣ ልጆቹ ግን ጠይቀው የማያውቁትን እዚህ ጋ ፊዚክስ ይመልሳል።

ይህ የእኔ ፈጠራ አይደለም። በጃፓኑ የልማት ተቋም በጃይካ ድጋፍ እ.ኤ.አ. በ2011 የተጀመረው የሒሳብና የሳይንስ መምህራን ሥልጠና ከኬንያ የተቀዳ ልምድ ይዞ ነበር፤ የልምዱም አንዱ ምሰሶ ሙከራን በአካባቢ በሚገኝ ቁሳቁስ መሥራት ነው። ቁሳቁስ ብቻውን ግን አያስተምርም። ፊኛው ሲነፋ ክፍሉ ስቆ ቢበተን ጨዋታ ሆኖ ይቀራል። ሙከራን ትምህርት የሚያደርገው መምህሩ አስቀድሞ «ምን የሚሆን ይመስላችኋል?» ብሎ መጠየቁ፣ ግምታቸውን በደብተር ማስያዙ፣ ከዚያም የሆነውን ከግምቱ ጋር ማስተያየቱ ነው። ስድሳ ተማሪ ባለበት ክፍል ይህ ቀላል ሥራ አይደለም።

ታዲያ ሁሉም ይበጃል ያለው ነገር ለምን ሥር አይሰድም? ወጪውም፣ የላብ ቴክኒሻን እጥረቱም እውነት ነው። ለእኔ ዋናው ምክንያት ግን ፈተናው ነው። የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ምርጫ ነው፤ አንድም ተማሪ ቴርሞሜትር እንዲያነብ ወይም ሁለት ፈሳሽ ቀላቅሎ ያየውን እንዲጽፍ አይጠይቅም። በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ። ይህ ውጤት በላብራቶሪ እጦት ብቻ የመጣ ነው ማለት አይቻልም። ውጤቱ ያስደነገጠው ርዕሰ መምህር ግን ቅዳሜን ለቲቶሪያል ያውለዋል እንጂ ለሙከራ አይከፍተውም፤ ማን ሊፈርድበት ይችላል?

ኬንያ በዚህ የተለየ መንገድ ሄዳለች። በሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ፈተናዋ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ እያንዳንዳቸው የተግባር ወረቀት አላቸው፤ ተማሪው ትምህርት ቤቱ ውስጥ በተቆጣጣሪ ፊት መሣሪያ ይዞ ይፈተናል። ስለዚህ ከፈተናው በፊት ላብራቶሪውን መክፈት ግድ ይሆናል። የእኛ ተፈታኞች ከ2014 ዓ.ም. ፈተና ጀምሮ ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ሲገቡ አይተናል። ያደሩበት ሕንፃ ጎረቤት ላብራቶሪ አለ። በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ተፈታኝ በአንድ ጊዜ በተግባር መፈተን አይቻል ይሆናል፤ በአንድ የትምህርት ዓይነት፣ በጥቂት ዞኖች፣ ለአሥር ነጥብ መጀመር ግን ይቻላል። አሥር ነጥብ የተያዘበት በር ቁልፉ የት እንዳለ የሚጠይቅ ወላጅ አያጣም።