ያውቁ ኖሯል? የመንዝ አምና በእንግሊዝኛ ሲነገር

ያውቁ ኖሯል? በመንዝ የመሐል ሜዳ ከተማ አንድ ሰው በጥቅምት 2017 ዓ.ም. «አምና ነሐሴ ገብሳችንን በረዶ መታው» ቢል ልክ ነው። ልጁ ግን ይህን ለፈረንጅ እንግዳ «ላስት ዪር» ብሎ ቢያስተረጉም፣ በረዶው አንድ ዓመት ወደ ኋላ ይሸሻል። ነሐሴ 2016ም ጥቅምት 2017ም በፈረንጆች አቆጣጠር ያው 2024 ናቸውና! መስከረም የእኛን ዓመት ይለውጣል፤ የእነሱ ግን ጥር ሳይቃረብ አይለወጥም። በዚህ ጊዜ «ላስት ኦገስት» ማለት ይሻላል።

ያውቁ ኖሯል? «ካቻምና»ን እንግሊዝኛ በአንድ ቃል አይችለውም። «ዘ ዪር ቢፎር ላስት» ብሎ አራት ቃል ይደረድራል። «ከትናንት ወዲያ»ም እንዲሁ አራት ቃል ይፈጃል።

ያውቁ ኖሯል? «ከሦስት ቀን በፊት» ለማለት ብዙ ተማሪ «ቢፎር ስሪ ዴይስ» ይላል፤ አማርኛው ስለሚመራው ነው። እንግሊዝኛው ግን ቁጥሩን ያስቀድምና «አጎ»ን መጨረሻ ላይ ያኖራል፦ «ስሪ ዴይስ አጎ»። «አጎ» ከአሁን ወደ ኋላ ይቆጥራል፤ ከሌላ ካለፈ ጊዜ ተነሥቶ ወደ ኋላ መቁጠር ሲፈለግ «ስሪ ዴይስ ቢፎር» ይባላል።

ያውቁ ኖሯል? «ትናንት መጥቷል» በአማርኛ ምንም አይነቀፍም። በእንግሊዝኛ «የስተርደይ» ካለ «ሃዝ ካም» አይቻልም፤ «ኬም» ብቻ። ያበቃ ጊዜ ከተጠራ ግሡም ያበቃ መሆን አለበት።

ያውቁ ኖሯል? ሌሊቱ የማን ነው? እኛ «እሑድ ለሰኞ አጥቢያ» ስንል ሌሊቱን ለነገው ሰኞ አስጠግተን ነው፤ የበዓል ዋዜማም እንደዚሁ ከማታው ይጀምራል። እንግሊዝኛው ያንኑ ምሽት ለእሑድ ሰጥቶ «ሰንደይ ናይት» ይለዋል። በዚያ ላይ የሰዓቱ ስድስት ሰዓት ልዩነት አለ፦ ከምሽቱ 4 ሰዓት የእነሱ 10 ሰዓት ነው፣ ያውም ገና እሑድ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ግን የእነሱ 2 ሰዓት ሲሆን ቀኑ ሰኞ ገብቷል። ስለ ሌሊት ሌባ በእንግሊዝኛ የሚመሰክር ሰው ይህን ካላስተዋለ ቃሉ ሊጣረስበት ይችላል።

ያውቁ ኖሯል? «የ60ዎቹ ትውልድ» እና የእንግሊዝኛው «ዘ ሲክስቲስ» አይገጥሙም። የእኛ 60ዎቹ በእነሱ ከ1967 እስከ 1977 ድረስ ነው። የየካቲት 1966ቱን አብዮት በእንግሊዝኛ የሚተርክ ሰው «ሰቨንቲስ» ማለት አለበት።

ያውቁ ኖሯል? የጓሳን ሣር ይጠብቅ የነበረው «ቄሮ» የተባለው የመንዝ ባህላዊ ሥርዓት ሣሩ እንዲያገግም አካባቢውን ለተከታታይ ሦስት፣ አንዳንዴም አምስት ዓመት ይዘጋ ነበር። ይህ «ይዘጋ ነበር» በእንግሊዝኛ ለ«ዩስድ ቱ» የተመቸ ነው፤ ተደጋግሞ የቀረ ልማድ ነዋ። ሥርዓቱን ያፈረሰው የ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ግን አንድ ጊዜ የታወጀ ስለሆነ «ዩስድ ቱ» አይገባውም። ይህ ልዩነት ከብዙ የሰዋስው ገጽ ይበልጥ የሚጠቅም ይመስለኛል።

ያውቁ ኖሯል? በሸዋ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን እ.ኤ.አ. በ1839 ከባልደረባው ከክራፕፍ ጋር የመጣው ሚስዮናዊ ኢዘንበርግ የአማርኛና የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላቱን በ1841፣ የአማርኛ ሰዋስው መጽሐፉን ደግሞ በ1842 ለንደን አሳትሟል። የመንዝ ጥናቱን ያካተተውን «ሰምና ወርቅ» ያሳተመው ተመራማሪ ዶናልድ ሌቪን የመጣው ከዚያ ከመቶ ዓመት በላይ ዘግይቶ ነው፤ መጽሐፉ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1965 ነው።

ያውቁ ኖሯል? የቀን መለወጫ ሰንጠረዥም ያሳስታል። ፈረንጆች በ1900 የፌብሩዋሪን 29ኛ ቀን ስለዘለሉ፣ ከዚያ በፊት በነበሩት መቶ ዓመታት የእኛ መስከረም 1 በአብዛኛው በሴፕቴምበር 10 ይውል ነበር፤ ዛሬ ግን በአብዛኛው በ11 ነው። የዚያ ዘመን ቀን በዛሬው ሰንጠረዥ ከተሰላ በአንድ ቀን ይዛነፋል።

ያውቁ ኖሯል? ዓድዋ የካቲት 23 ቀን 1888 ስለሆነ ስምንት ሲጨመር 1896 ይሆናል። ድሉ ኅዳር ላይ ቢሆን ግን የሚጨመረው ሰባት ነበር። ስለዚህ የአያትዎን ታሪክ በእንግሊዝኛ ሲጽፉ ዓመቱን ብቻ አይስጡ፤ ወሩን ይጠይቁና አብረው ይጻፉት።