የመስመር ሥዕሎችን በጽሑፍ ትእዛዝ ስለ መለወጥ

ለመማሪያ መጻሕፍት የሚዘጋጁ የኮምፒዩተር ሥዕሎች በሁለት ይከፈላሉ። አንደኛው ከነጥቦች ጥርቅም የሚሠራ ሲሆን ሲጎላ ይደበዝዛል። ሁለተኛው የመስመሮችን አቅጣጫ በቁጥር ስለሚይዝ ምንም ያህል ቢጎላ ጥራቱን አይለቅም። እ.ኤ.አ. በ2001 መሥፈርቱ የጸደቀው ኤስቪጂ የዚህ ዓይነተኛ ምሳሌ ነው። ፒዲኤፍና ኢፒኤስም መስመሩን እንደ መስመር ሊይዙ ይችላሉ።

ሠዓሊው በኤስቪጂ የሠራውን ሥዕል ማተሚያ ቤት በፒዲኤፍ ሊጠይቅ ይችላል። ሥዕሎቹ ሲበዙ እያንዳንዱን ከፍቶ መለወጥ ጊዜ ይፈጃል። ኢንክስኬፕ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ግን መስኮት ሳይከፈት ይህንኑ ይፈጽማል። የፕሮግራሙ ስም፣ የምንጩ ፋይልና የሚፈለገው ውጤት በአንድ መስመር ይጻፋሉ፤ ትእዛዙንም በድግግሞሽ ለመቶ ሥዕል ማዋል ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2020 ከወጣው 1.0 እትም ጀምሮ የትእዛዞቹ አጻጻፍ ስለ ተለወጠ የቆየ መመሪያን እንዳለ መገልበጥ አይበጅም።

ይሁን እንጂ ከፍ ያለ ጥንቃቄ የሚያሻው የፊደል ጉዳይ ነው። ኤስቪጂ አብዛኛውን ጊዜ የሚመዘግበው የፊደሉን ቅርጽ ሳይሆን የቅርጹን ስም ነው። ስለሆነም በለዋጩ ኮምፒዩተር ላይ የግእዝ ፊደል ከሌለ በልብ ሥዕል ላይ የተጻፉት የክፍሎች ስሞች ባዶ ሣጥን ሆነው ይወጣሉ። ተማሪው ሥዕሉን እያየ ትምህርቱን ያጣል ማለት ነው። መፍትሔው ፊደሉ ባለበት ኮምፒዩተር ላይ ጽሑፉን ወደ መስመር የሚለውጠውን አማራጭ በትእዛዙ ውስጥ መጨመር ነው። እንዲህ የተለወጠ ጽሑፍ ግን እንደ ጽሑፍ ሊታረም ስለማይችል ዋናው ፋይል ተለይቶ መቀመጥ ይኖርበታል። ከኅትመት በፊትም እያንዳንዱን ውጤት ከዋናው ጋር በዓይን ማመሳከር ይገባል።