በሜዳማው ካርቱም ለተኩስ ሜዳ የሚመረጥ ሬዲዮ

ከጣና ወጥቶ የጎጃምን ምድር ከቦ የሚወርደው ዓባይ ከነጭ ዓባይ ጋር የሚገናኝባት ካርቱም፣ ከባሕር ወለል በላይ 380 ሜትር ያህል ብቻ ከፍ ባለ ሰፊ ሜዳ ላይ የተመሠረተች ስትሆን፣ ከኦምዱርማን ወደ ምዕራብ የሚወጣ መንገደኛ ከጥቂት ኮረብቶች በቀር እስከ አድማስ ድረስ ዓይኑን የሚያግደው ነገር አያገኝም። እንዲህ ያለው ምድር ለረጅም ርቀት የተኩስ ልምምድ የተመቸ ይመስላል። ነገር ግን ዒላማው አንድ ሺህ ሜትር ርቆ በቆመ ጊዜ፣ በተኳሾቹ መስመር ላይ ያለው አዛዥና ከዒላማው ሥር ባለው ጉድጓድ ተቀምጦ ጥይቱ ያረፈበትን የሚያመለክተው ሰው በምን ይነጋገሩ የሚለው ጥያቄ የሰው ሕይወት የተንጠለጠለበት ጥያቄ ነው።

የካርቱም ሙቀት 40 ዲግሪ በደረሰበት ቀን ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 355 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ ጩኸት ያን ርቀት አቋርጦ ይሰማል ብንል እንኳ ለመድረስ ሦስት ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል፤ ከተለመደ የጦር ጠመንጃ አፈ ሙዝ የሚወጣው ጥይት ግን በሰከንድ ከ800 ሜትር በላይ ስለሚከንፍ ከማስጠንቀቂያው ቀድሞ ይደርሳል። የሬዲዮ ሞገድ በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ይጓዛልና አንዱን ኪሎ ሜትር የሚያልፈው ከአንድ ሰከንድ በሦስት መቶ ሺህኛው እጅ ነው። እንግዲህ ለተኩስ ሜዳ የሚገዛ ሬዲዮ ዋጋው ሁሉ የሚመዘነው «ተኩስ አቁም!» የምትለው ቃል ሳትዘገይና ሳትጠፋ መድረስዋን በማረጋገጡ ነው።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ካርቱም በዚህ ነገር እንግዳ አገር አይደለችም። ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1932 ዓ.ም. ክረምት ወደዚያች ከተማ ከመጡ በኋላ፣ ስደተኞች ኢትዮጵያውያን በከተማይቱ አጠገብ በሶባ የጦር ትምህርት ይማሩ ነበር፤ በዚያ ዘመን በእንግሊዝ ሥርዓት በሚመሩ የተኩስ ሜዳዎች ተኩስ መኖሩ የሚታወቀው በቀይ ባንዲራ ሲሆን፣ ከጉድጓዱ ጋር የሚነጋገሩትም በተዘረጋ የስልክ ሽቦ ነበር። በዚያው ክረምት፣ በነሐሴ ወር፣ በእንግሊዛዊው መኮንን በሳንድፎርድ የሚመራው «ሚሲዮን 101» የተባለው ጓድ ድንበሩን ተሻግሮ ጎጃም ሲገባ፣ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ ከቀረችው ከካርቱም ጋር የሚገናኘው በሬዲዮ ነበር። ያን ሁሉ ተራራና በረሓ ማለፍ የተቻለው፣ ከ3 እስከ 30 ሜጋ ኸርዝ ያለው አጭር ሞገድ ወደ ላይ ወጥቶ፣ አዮኖስፌር ከሚባለው በፀሐይ ጨረር ኤሌክትሪክ ከሚያድርበት የላይኛው የአየር ክፍል ተመልሶ ወደ ምድር ስለሚወርድ ነው።

ዛሬ በእጅ የሚያዘው ሬዲዮ ግን ከዚህ ፈጽሞ ይለያል። በ150 ወይም በ450 ሜጋ ኸርዝ አካባቢ የሚሠራው ይህ መሣሪያ ሞገዱ ከላይኛው አየር ሳይመለስ ወደ ኅዋ አልፎ ስለሚሄድ፣ የሚያገናኘው እርስ በርሳቸው የሚተያዩ ሰዎችን ነው ማለት ይቻላል። በካርቶኑ ላይ «30 ኪሎ ሜትር» ተብሎ የሚጻፈው ቁጥርም ከተራራ ራስ ወደ ተራራ ራስ ለሚነጋገሩ ሰዎች እንጂ በአሸዋ ላይ በሆዱ ለተኛ ተኳሽ የሚሠራ አይደለምና ገዢ ሁሉ ሊያምነው አይገባም።

የሬዲዮ ሞገድ በአየር ውስጥ ሲያልፍ በጥቂቱ ወደ ምድር ስለሚጎብጥ ከዓይን አድማስ ትንሽ አልፎ ይሄዳል። የሬዲዮውን አድማስ በኪሎ ሜትር ለማግኘት፣ የአንቴናውን ከፍታ በሜትር ለክቶ፣ ስኩዌር ሩቱን አውጥቶ፣ በ4.12 ማባዛት ነው። አንቴናው 1.7 ሜትር ከፍ ያለለት የቆመ ሰው አድማሱ 5.4 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ተኝቶ አንቴናው ከመሬት 30 ሳንቲ ሜትር ብቻ የሚርቅለት ሰው 2.3 ኪሎ ሜትር ያገኛል፤ በጉድጓድ ውስጥ ለተቀመጠው ግን አድማሱ የጉድጓዱ አፍ ነው። ይህም ብቻ አይደለም። ሞገዱ በሁለት አንቴናዎች መካከል ሲያልፍ፣ ጫፍና ጫፉ የቀጠነ፣ መካከሉ የወፈረ ሰፊ ስፍራ ይይዛል፤ በ450 ሜጋ ኸርዝና በአንድ ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ይህ ስፍራ ከመካከለኛው መስመር በየአቅጣጫው 13 ሜትር ይሰፋል። ሰው ይዞት የሚቆመው ሬዲዮ ደግሞ ከመሬት ሁለት ሜትር እንኳ ስለማይርቅ፣ በቀጥታ የሚሄደው ሞገድና ከምድር ነጥሮ የሚመለሰው ሞገድ እርስ በርሳቸው እየተፋረሱ፣ ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር የሚደርሰው ኃይል ወደ ዐሥራ ስድስተኛው እጅ ይወርዳል።

ከዚህ የሚከተለውን ፍርድ ብዙ ገዢዎች አያውቁትም። የግማሽ ዋት ሬዲዮ በአምስት ዋት ቢለወጥ፣ ኃይሉ ዐሥር እጥፍ ሲሆን ርቀቱ የሚጨምረው ወደ 1.8 እጥፍ ብቻ ነው፤ በአዛዡ ቦታ ከ1.5 ሜትር ላይ የነበረው አንቴና በምሰሶ ወደ 6 ሜትር ከፍ ቢል ግን በዚያው ዋት ርቀቱ እጥፍ ይሆናል። ምሰሶ ከባትሪ ይረክሳል፤ አይሞቅም፤ አያልቅምም። የአንቴናውም ርዝመት የራሱ ምክንያት አለው፤ የሞገዱ ሩብ በ150 ሜጋ ኸርዝ 50 ሳንቲ ሜትር፣ በ450 ሜጋ ኸርዝ ደግሞ 17 ሳንቲ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ በደረት ላይ ለሚታሰር ትንሽ መሣሪያ ሁለተኛው ይሻላል። በወገብ ቀበቶ ላይ የሚንጠለጠል ሬዲዮ ከኃይሉ ብዙውን የሰውነታችን ውኃ ይመጥበታል።

አሁን «ተኩስ አቁም!» ወደምትለው ቃል እንመለስ። እነዚህ ሬዲዮዎች በአንድ ጊዜ አንድ ሰው ብቻ የሚናገርባቸው ናቸው። በተለመደው የኤፍ ኤም አሠራር ሁለት ሰዎች አንድ ላይ ቁልፉን ቢጫኑ፣ ተቀባዩ የበረታውን ሞገድ ወስዶ ደካማውን ፈጽሞ ይሰውረዋልና፣ ከጉድጓዱ «ሰው አለ፤ አቁሙ» የሚለው በመስመሩ ላይ በሚያወራ ሌላ ሰው ሊሸፈን ይችላል። ስለዚህ ቁልፉ ሳይታወቅ ተጭኖ ቢቀር ከተወሰነ ጊዜ በኋላ ራሱን የሚዘጋ መሣሪያ ይመረጥ፤ በድምፅ ብቻ ራሱን የሚከፍተው ዓይነት ግን በእያንዳንዱ ተኩስ መንገዱን ስለሚይዘው ለዚህ ስፍራ ፈጽሞ አይሆንም። ጆሮን የሚከድን ማዳመጫም የግድ ነው፤ የጠመንጃ ድምፅ ከ150 ዴሲቤል በላይ ስለሆነ ያለ መከላከያ የሚያዳምጥ ሰው የመስማት ችሎታውን ሊያጣ ይችላል። ትእዛዝ የተቀበለው ሰው ሁሉ የሰማውን መልሶ ይናገር፤ ያልተመለሰ ትእዛዝ እንዳልተሰማ ይቆጠር።

ስለ ዲጂታል ሬዲዮ የሚነገረው ውዳሴ እውነት አለበት፤ ድምፁ ጥርት ያለ ነው። ነገር ግን ሞገዱ ሲደክም የቀድሞው የኤፍ ኤም ሬዲዮ በሹክሹክታ እያስጠነቀቀ ሲከስም፣ ዲጂታሉ በድንገት ዝም ይላል፤ ስለዚህ ለዚህ ሥራ እኔ የቀድሞውን እመርጣለሁ። ሀቡብ የሚባለው የሱዳን የአቧራ ማዕበል በእነዚህ ሞገዶች ላይ ብዙ ጉዳት ባያደርስም በቁልፍና በመሰኪያ ውስጥ ስለሚገባ፣ «አይ ፒ 67» የሚል ምልክት ያለው፣ አቧራ የማያስገባ ሬዲዮ ይፈለግ። የሊቲየም ባትሪ ከ45 ዲግሪ በላይ በሞቀ ጊዜ ኃይል እንዲሞላበት አይፈቀድምና፣ በፀሐይ በቆመ መኪና ውስጥ መሙላት ይቅር።

«ሞባይል እያለ ሬዲዮ ለምን?» የሚል ሰው የካርቱምን ታሪክ ይመልከት። በመጋቢት 1876 ዓ.ም. ከተማይቱን የከበቡት ማህዲስቶች የቴሌግራፉን ሽቦ በቆረጡ ጊዜ የእንግሊዙ ጄኔራል ጎርዶን በውስጧ ከዓለም ተለይቶ ቀረ፤ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በተነሣው ጦርነትም፣ በጥር 2016 መጨረሻ የዘይን፣ የኤም ቲ ኤንና የሱዳኒ ስልኮች በአንድ ሳምንት ውስጥ ተቋርጠው፣ በውጭ ያሉ ዘመዶች የወገኖቻቸውን ድምፅ መስማት ተሳናቸው። ነገር ግን እንዲህ ባለ የጦርነት ጊዜ ያለ ፈቃድ ሬዲዮ ይዞ መገኘት በሰላይነት ሊያስጠረጥር ይችላል። በሱዳንም ሆነ በአገራችን የሞገድ ፈቃድ የሚሰጥ መሥሪያ ቤት አለና፣ አስቀድሞ ፈቃድ ሳያወጣ ሬዲዮ የሚገዛ ሰው ራሱንም ጓደኞቹንም ለአደጋ ይሰጣል።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ ለተኩስ ሜዳ ሬዲዮ ልትገዛ ብትሄድ ገንዘብህን ከመክፈልህ አስቀድሞ፣ ጠመንጃዎቹ ሁሉ ባዶ ሆነው በተቀመጡበት ሰዓት፣ መሣሪያውን ይዘህ ወደ ዒላማው ጉድጓድ ውረድ፤ ዝቅ ብለህ ተቀመጥና «ተኩስ አቁም» በል፤ በመስመሩ ላይ የቆመው ሰው ጆሮውን እንደ ከደነ ቃልህን አጥርቶ ከመለሰልህ ግዛው፤ ካልመለሰልህ ዋጋው የቱንም ያህል ቢረክስ ተወው።