የሚሰምጥ ውሃ፣ የሚዞር ውሃ

በካናዳና በግሪንላንድ መካከል ያለው የላብራዶር ባሕር፣ የገጹ ውሃ በብርድ ወራት ወደ ጥልቁ ከሚወርድባቸው ጥቂት የዓለም ስፍራዎች አንዱ ነው። ከካናዳ በኩል የሚነፍሰው ደረቅና ብርዳም ነፋስ ሙቀቱን ሲወስድበት ውሃው ይከብዳል፤ ከሥሩ ካለው ሲከብድ ደግሞ ይሰምጣል። ኮንቬክሽን የሚባለው ይህ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ ብርዱ በበረታባቸው ዓመታት፣ ድብልቁ 2,000 ሜትር አልፎ ወርዷል።

የሚሰምጠው ውሃ ስፋቱ ከአንድ ኪሎ ሜትር ብዙም በማይበልጥ ዓምድ ይወርዳል። ውቅያኖሱን በስሌት የሚወክሉ ዓለም አቀፍ ሞዴሎች ውሃውን የሚከፍሉበት መረብ ግን አንዱ ዓይኑ ብቻ ከ10 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ይሰፋል። ስለዚህ ዓምዱን አይዙትም፤ ከባድ ውሃ ከቀላል በላይ በተገኘ ቁጥር ሁለቱን ይደባልቃሉ። ዘዴው ሸካራ ቢመስልም ከሚጠበቀው በላይ ይሠራል፤ የዓምዶቹም ዋና ሥራ ማደባለቅ ነውና። የሚወርደውን ያህል በአጠገቡ ይወጣል።

ይበልጥ የሚያስቸግረው አዙሪቱ ነው። በግሪንላንድ ምዕራባዊ ጠረፍ፣ ኬፕ ዴሶሌሽን አካባቢ፣ የባሕሩ ወለል ተዳፋት ገደላማ ይሆናል፤ የጠረፉ ጅረት እዚያ ሚዛኑን ስቶ ከ30 እስከ 60 ኪሎ ሜትር የሚሰፉ አዙሪቶችን ይለቃል። እነዚህ የኢርሚንገር ውሃ የሚባለውን ሞቃትና ጨዋማ ውሃ ይዘው ወደ መሐል ባሕር ይጓዛሉ። ኮንቬክሽኑ በደቡብ ምዕራቡ ክፍል ተወስኖ ሰሜኑን የሚተወውም በአብዛኛው በእነሱ ምክንያት ነው። እነሱን የማይፈጥር ሞዴል ድብልቁን ከልክ በላይ ያሰፋዋል።

ፒተር ጄንትና ጄምስ ማክዊሊያምስ በ1990 ያወጡት ቀመር፣ አዙሪቶች ያዘነበለውን የውሃ ድርብርብ በማስተኛት የሚሠሩትን ሥራ ይተካል። ብዙ ሞዴሎችን ያቃና ቀመር ነው። ሆኖም የሚመለከተው በየቦታው ያለውን ዝንባሌ ብቻ ነው፤ ጠረፍ ላይ ተወልዶ ሙቀቱን ርቆ የሚያራግፈውን አዙሪት መወከል ይሳነዋል። መረቡን ማጥበብም ዋጋው ከባድ ነው፦ ዓይኑ በግማሽ ሲጠብ ነጥቦቹ አራት እጥፍ ይሆናሉ፣ የጊዜ እርምጃውም በግማሽ ያጥራል፤ ስሌቱ ስምንት እጥፍ ያድጋል።

ሞዴል የሚፈተነው በብርድ ወራቱ ጥልቀት ብቻ ከሆነ ፈተናው ልል ነው፤ ሁለት ስሕተቶች ተጣፍተው ትክክለኛ ቁጥር ሊሰጡ ይችላሉ። ጉድለቱን የሚያጋልጡት ብርዱ ካለፈ በኋላ ያሉት ወራት ናቸው። ፀሐይ የምታሞቀው የገጹን ውሃ ነው፤ ሺህ ሜትር ላይ ያለው የሚሞቀው ከጎን በሚመጣ ሙቀት ነው፣ ያንንም በብዛት የሚያመጡት አዙሪቶች ናቸው። የአርጎ ተንሳፋፊ መሣሪያዎች በየ10 ቀኑ ከ2,000 ሜትር እስከ ገጽ ሙቀትንና ጨዋማነትን ስለሚለኩ፣ ሞዴሉ ያሳየውን አሟሟቅ ከእነሱ መዝገብ ጋር ወር በወር ማመሳከር ይቻላል።