የአውሮፕላን መንሳፈፊያ መሥሪያ ቁሶች፤ ስለ ስያሜያቸው የቀረበ ማስገንዘቢያ

አንድን ሙያዊ ጽሑፍ ከባዕድ ቋንቋ ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጨነቀው አቻ ስላልተገኘላቸው ቃላት ነው። እኛ በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ግን ከዚህ የባሰውን ችግር ነው፤ ይኸውም አቻ የተገኘላቸው መስለው ሁለትና ሦስት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ስም የሚያስጠሩ ቃላት የሚያስከትሉት ስሕተት ነው። ለምሳሌነት የመረጥነው በውኃ ላይ የሚያርፍ አውሮፕላን የሚቆምበት መንሳፈፊያ ከምን ከምን እንደሚሠራ የሚገልጸውን የሙያ ዘርፍ ነው። ዘርፉ ጠባብ ቢሆንም እንጨት፣ ብረታ ብረትና ኬሚካል በአንድነት ስለሚገናኙበት ችግሩን አጉልቶ ያሳያል።

በሞተር ኃይል ከውኃ ላይ ተነሥቶ ለመብረር የመጀመሪያ የሆነው አውሮፕላን ፈረንሳዊው ኦንሪ ፋብር እ.ኤ.አ. ማርች 28 ቀን 1910 በማርቲግ አቅራቢያ በሚገኘው የቤር ሐይቅ ላይ ያበረረው ነው። ከዚያ ወዲህ መንሳፈፊያ መሥራት የፋብሪካዎች ሥራ ቢሆንም፣ በተለይ በአሜሪካ አውሮፕላናቸውንና መንሳፈፊያውን በራሳቸው እጅ የሚሠሩ ግለሰቦች ብዙ ናቸው። የአገሩ ሕግ፣ ሠሪው አብዛኛውን ክፍል ለትምህርት ወይም ለመዝናኛ ሲል ራሱ እስከ ሠራው ድረስ ይህን ይፈቅዳል። እንዲህ ያለውን አውሮፕላን «በቤት የተሠራ» ብንለው እንደ ቤት ዳቦ ያስመስለዋል፤ «የግል አውሮፕላን» ብንለው ደግሞ በገንዘብ ከተገዛው ጋር ይደባለቃል። ስለዚህ «ሰው ሠራሽ» በሚለው አርአያ «ግለሰብ ሠራሽ አውሮፕላን» ማለቱ የተሻለ ይመስለናል። የዚህ ሠሪ ዋና አስተማሪው የመመሪያው ጽሑፍ ነው፤ በመሆኑም ተርጓሚው የተሳሳተው ቃል በቀጥታ ወደ መንሳፈፊያው ይገባል።

1. የዕቃው ስም

ለዕቃው ራሱ ሦስት አማራጮች አሉ፤ እነርሱም ተንሳፋፊ፣ ታንኳ እና መንሳፈፊያ ናቸው። ተንሳፋፊ ቅጽል ነው፤ ግንድም ቅጠልም ተንሳፋፊ ሊባል ይችላል። ታንኳ የሚለው ቃል ለጆሮ የቀረበ ነው፤ ነገር ግን በጣና ሐይቅ ላይ ከደንገል የሚሠራው ታንኳ የሚንሳፈፈው ደንገሉ ራሱ ከውኃ የቀለለ ስለሆነ ነው፤ ውኃ እየጠጣ ሲከብድም ወደ ዳር ወጥቶ መድረቅ ያስፈልገዋል። የአውሮፕላኑ ዕቃ ግን አሠራሩ የዚህ ተቃራኒ ነው። ገላው ከአሉሚኒየም ቢሠራ አሉሚኒየም ከውኃ 2.7 ጊዜ ያህል ይከብዳል፤ የሚያንሳፍፈው በውስጡ የተዘጋው አየር ነው። ስለዚህ እንደ መጻፊያና እንደ መቆፈሪያ የመሣሪያ ስም የሆነውን መንሳፈፊያን መርጠናል።

የመንሳፈፊያ መጠን የሚለካው ሙሉ በሙሉ ቢሰጥም በሚያስለቅቀው ውኃ ክብደት ነው። ኤዶ በተባለው የአሜሪካ ኩባንያ መንሳፈፊያዎች ላይ 2000 የሚል ቁጥር ሲገኝ አንዱ መንሳፈፊያ ወደ 2000 ፓውንድ፣ ማለትም ወደ 907 ኪሎ ግራም ውኃ ያስለቅቃል ማለት ነው እንጂ የመንሳፈፊያው የራሱ ክብደት አይደለም። በአሜሪካ የአውሮፕላን ደንብ መሠረት ፋብሪካ ሠራሽ የሆነው መንሳፈፊያ ሊሸከም ከሚገባው ክብደት በላይ 80 በመቶ ትርፍ የመንሳፈፍ ዐቅም ሊኖረው ይገባል፤ ብዙ ግለሰብ ሠሪዎችም ይህንኑ እንደ መመሪያ ይከተላሉ። 600 ኪሎ ግራም የሚመዝን አውሮፕላን በሁለት መንሳፈፊያዎች ቢቆም የእያንዳንዱ ድርሻ 300 ስለሆነ እያንዳንዱ 540 ኪሎ ግራም ውኃ ማስለቀቅ አለበት። ደንቡ ስሌቱ የሚደረገው ጨው በሌለበት ውኃ ነው ይላል፤ ምክንያቱም እንዲህ ያለው ውኃ ከባሕር ውኃ ይልቅ የማንሳፈፍ ኃይሉ ያንሳል። ይህን ውኃ «ንጹሕ ውኃ» ብሎ መተርጐም የተለመደ ቢሆንም ስሕተት ነው፤ የደፈረሰ ወንዝም ቢሆን ጨው የለበትምና። ትክክለኛው ስያሜ «ጨው አልባ ውኃ» ነው።

2. እንጨት

በእንጨት ለሚሠራ መንሳፈፊያ አጥንቱ ቀላልና ጠንካራ ከሆነ እንጨት፣ ልብሱ ደግሞ ከስስ ኮምፔንሳቶ ይሠራል። ኮምፔንሳቶ ከኢጣሊያንኛ የመጣ ሲሆን አናጢው ኮምፔርሳቶ እያለ የሚጠራው ነው፤ በአማርኛ ስለ ሰረጸ ሌላ ቃል መፍጠር አያስፈልግም። ችግር የሚፈጥረው «የባሕር ኮምፔንሳቶ» የሚለው ነው። ተርጓሚዎች ይህን «ውኃ የማያበሰብሰው ኮምፔንሳቶ» ብለው ሊያብራሩት ይችላሉ። እውነቱ ግን ቢኤስ 1088 የተባለውን የእንግሊዝ መለኪያ የመሰለው ደረጃ በዋናነት የሚያረጋግጠው ንጣፎቹን ያጣበቀው ሙጫ በፈላ ውኃ እንኳ እንደማይለቅና በንጣፎቹ መካከል ክፍተት እንደሌለ ነው። እንጨቱ ራሱ እርጥበት ካገኘ ይበሰብሳል። ስለዚህ «ሙጫው ውኃ የማይፈታው ኮምፔንሳቶ» የሚለው ማብራሪያ ይሻላል።

እዚህ ላይ መበስበስ የሚለው ቃል ለእንጨት ብቻ መጠበቅ አለበት። መበስበስ ሻጋታ መሰል ሕያው ነገር የሚያደርሰው ጥፋት ነው፤ የእርጥበቱ መጠን ከ20 በመቶ በታች በሆነ እንጨት ላይ አይነሣም። በጨዋማ ውኃ ከሚሆነው ይልቅም በጨው አልባ ውኃ፣ በተለይም የዝናብ ውኃ በሚጠራቀምበት ጥግ ይበረታል።

3. አሉሚኒየም

በአሉሚኒየም ላይ የሚደርሰው ጥፋት ከዚህ የተለየ ነው፤ እርሱን የሚያጠቃው ጨው ነው። ተርጓሚው ይህን ጥፋት «ዝገት» ቢለው አንባቢው በልማዱ ቀይ ነገር ይፈልጋል። አሉሚኒየም ግን ቀይ አይሆንም፤ ነጭ ዱቄት ያወጣል፣ ይቦረቦራል። ቀይ ሲፈልግ ነጩን አቧራ ብሎ የጠረገ ሠሪ የመንሳፈፊያው ላሜራ ሲሳሳ አያስተውልም። በአማርኛ «ጨው በላው»፣ «ዝገት በላው» ስለሚባል ለጠቅላላው ጥፋት «መበላት» የሚለውን ስያሜ እናቀርባለን፤ ዝገት ደግሞ የብረት መበላት ብቻ ይሁን።

አሉሚኒየም የብረት ብሎን ሲነካና ጨዋማ ውኃ ሲደርስባቸው አሉሚኒየሙ ቶሎ ይበላል። ለዚህ «መበላላት» የሚለው ቃል ያማረ ይመስላል፤ ነገር ግን ሁለቱ እርስ በርስ አይበላሉም። አንደኛው ሲበላ ሌላው ይድናል። ስለዚህ «የንክኪ መበላት» ማለት ይገባል። የካርቦን ቃጫም አሉሚኒየምን ሲነካ ይህንኑ ያመጣል፤ የመስታወት ቃጫ ግን ኤሌክትሪክ ስለማያስተላልፍ አያመጣም።

የአሉሚኒየም ቅይጦችም በቁጥራቸው መጠራት አለባቸው። 2024 የተባለው መዳብ ስላለበት ጠንካራ ነው፤ ግን ለጨው ይሸነፋል፤ ስለዚህ ብዙ ጊዜ በስስ ንጹሕ አሉሚኒየም ተለብጦ ይቀርባል። 6061 እና 5052 ጨውን ይበልጥ ይቋቋማሉ። ሦስቱንም «አሉሚኒየም» ብሎ ቁጥሩን መተው ምርጫውን ከሠሪው መንጠቅ ነው።

4. ፋይበር ግላስ

በገበያ «ፋይበር» የሚባለው ያለቀለት ጠጣር ዕቃ ነው። በመመሪያው ግን ቃጫው፣ ቃጫውን የሚያስረው ፈሳሽና በመካከል የሚገባው ጠጣር አረፋ የተለያዩ ናቸው። ለፈሳሹ «ሙጫ» ብቻ ማለት ከሁሉ የከፋው አደጋ ነው። ኤፖክሲ ሬዚን ፖሊስታይሪን የተባለውን አረፋ አይነካም፤ በርት ሩታን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ያወጣቸው የግለሰብ ሠራሽ አውሮፕላን ንድፎችም በዚህ ጥምረት የተመሠረቱ ነበሩ። ፖሊየስተር ሬዚን ግን ይህንኑ አረፋ ያቀልጠዋል። «አረፋውን በሙጫ ሸፍን» የሚል ትርጉም የሠሪውን ድካም በደቂቃዎች ውስጥ ሊያጠፋ ይችላል። ስለዚህ ሬዚን የሚለው ቃል ዐይነቱ ሳይጠቀስ እንዳይጻፍ እናሳስባለን።

ከሬዚን ጋር የሚቀላቀለውም እንዲሁ ነው። የኤፖክሲው ተጨማሪ በአምራቹ በተወሰነ ልክ የሚገባና ራሱም የጠጣሩ አካል የሚሆን ስለሆነ «ማጠንከሪያ» ይባል። የፖሊየስተሩ ግን በመቶ አንድ ወይም ሁለት እጅ ያህል ገብቶ ሂደቱን የሚያነሣሣ ነው፤ «አስጀማሪ» ይባል። በሁለቱም ላይ «ማጠንከሪያ» ከተባለ፣ በፖሊየስተር የለመደ ሠሪ ቶሎ እንዲደርቅለት በኤፖክሲው ላይ ማጠንከሪያ ይጨምራል፤ ውጤቱም ለዘለቄታው ለስላሳ ሆኖ የሚቀር መንሳፈፊያ ነው።

5. ለውይይት የቀረቡ ስያሜዎች

መንሳፈፊያ፦ በውስጡ በተዘጋ አየር አውሮፕላንን በውኃ ላይ የሚያቆም ዕቃ።
ጨው አልባ ውኃ፦ የሐይቅ፣ የወንዝ ወይም የዝናብ ውኃ፤ ንጽሕናን አያመለክትም።
መበስበስ፦ የእንጨት ጥፋት ብቻ።
መበላት፦ የማንኛውም ብረታ ብረት ጥፋት።
ዝገት፦ የብረት መበላት።
የንክኪ መበላት፦ ሁለት የተለያዩ ቁሶች በመነካካታቸው በአንደኛው ላይ የሚደርስ መበላት።
ቃጫ፦ ሬዚን የሚያስረው ክር፤ የመስታወት ወይም የካርቦን።
ጠጣር አረፋ፦ ውኃ ከሚጠጣው ስፖንጅ የሚለይ፣ ቀዳዳዎቹ የተዘጉ ቀላል ቁስ።
ማጠንከሪያ፦ ከኤፖክሲ ጋር በተወሰነ ልክ የሚዋሐድ።
አስጀማሪ፦ ፖሊየስተርን በጥቂቱ የሚያነሣሣ።

ከዝርዝሩ እንደሚታየው ከባዕድ የተወሰዱትን ቃላት ከመተካት ይልቅ ነባሮቹን የአማርኛ ቃላት እርስ በርስ መለየት ላይ አተኩረናል። ኮምፔንሳቶና ሬዚን እንዳሉ ቢቀሩ የሚጎዳ የለም፤ መበስበስ፣ መበላትና ዝገት ቢደባለቁ ግን መንሳፈፊያው ይሰጥማል። የተሻለ አቻ ያላቸው አንባብያን ሐሳባቸውን ከነምክንያቱ ቢያቀርቡ ለቀጣዩ ውይይት ይጠቅማል።