የማይደርቅ ጭቃ

ቅንጣት አፈር የሌለበት ሸክላ አለ። ፖሊመር ክሌይ ይሉታል። ለቤት የውኃ መስመር ከምንገዛው ቱቦ ጋር ዘሩ አንድ ነው፤ ፒቪሲ። የላመ የፒቪሲ ዱቄት፣ ዱቄቱን የሚያለሰልስ ዘይት መሰል ፈሳሽ፣ መሙያና ቀለም አንድ ላይ ተለውሰው በእጅ የሚታሽ፣ የሰጡትን ቅርጽ የሚይዝ ነገር ይወጣቸዋል። ጥላሁን ገሠሠን በሙዚቃ ሸክላ ያደመጠ ሁሉ ከዚህ የፕላስቲክ ዘር ጋር ዱሮ ተዋውቋል።

የልብስ ቁልፍ፣ ጉትቻ፣ ዶቃ፣ የስጦታ ሣጥን ማስጌጫ፣ የገና ዛፍ ጌጥ፣ የፎቶ ፍሬም ዳር ዳር የሚለጠፍ አበባ ይሠራበታል። ለቤተሰብ ሥራ የሚያስመርጠው ግን ውበቱ ሳይሆን አለመድረቁ ነው። የሸክላ አፈር ውኃው ሲተን ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፤ ሠሪውን ያጣድፈዋል። ፖሊመር ክሌይ ግን ውኃ የለበትም። ልጅ ግማሹን ሠርቶ ወደ ቤት ሥራው ቢሄድ፣ እናት ወጥ ልታማስል ብትነሣ፣ እንግዳ በር ቢያንኳኳ፣ ሥራው በሳምንቱም እንደተተወ ይገኛል። የሚጠነክረው ምድጃ ሲገባ ብቻ ነው። እስከዚያ ድረስ ዝሆን ሊሆን ታስቦ አሳማ የሆነውን አፍርሶ እንደገና መሥራት ይቻላል።

ታሪኩ የሚጀምረው ከአሻንጉሊት ነው። ጀርመናዊቷ ኬተ ክሩዘ በእጅ በሚሠሩ አሻንጉሊቶቿ የታወቀች ባለሙያ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1939 የዚህ ዓይነት ፕላስቲክ ናሙና ደረሳት፤ ለፋብሪካዋ ስላልሆናት ለልጇ ለሶፊ ሰጠቻት። ቤተሰቡ ፊፊ እያለ የሚጠራት ሶፊ ግን ልትጥለው አልፈለገችም፤ ቅርጻ ቅርጽ ትሠራበት ጀመር። በኋላ ቅመሙ ኤበርሃርድ ፋበር ለተባለ የጽሕፈት መሣሪያ ኩባንያ ተሸጠና ፊሞ ተብሎ ገበያ ወጣ። ዛሬ ፊሞን የሚያመርተው ስቴድለር ነው፤ እርሳሱን ብዙዎቻችን ከትምህርት ቤት እናውቀዋለን። በአሜሪካ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ስካልፒ የተባለው ዓይነት ብቅ አለ። እሱም ሲጀመር ለጌጥ የታሰበ አልነበረም፤ ከኤሌክትሪክ ትራንስፎርመር ላይ ሙቀት እንዲያወጣ ነበር የተሞከረው። ሁለቱም ለታሰቡበት ሥራ ሳይሆኑ ቀርተው ነው የልጆች እጅ የገቡት። ለትልልቆቹም ቢሆን ተራ መጫወቻ ሆኖ አልቀረም፤ በዊስኮንሲን የሚገኘው የራሲን የሥነ ጥበብ ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ2011 በፖሊመር ለተሠሩ ሥራዎች ዐውደ ርእይ ከፍቶላቸዋል።

አንዱ እሽግ አብዛኛውን ጊዜ 57 ግራም ነው። ሁለት ሴንቲ ሜትር ስፋት፣ ሦስት ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላቸው ወደ 30 የሚጠጉ የልብስ ቁልፎች ይወጡታል። ርካሽ አይደለም። ስለዚህ ቀለሙን ሁሉ ከመግዛት ነጭ፣ ጥቁር፣ ቀይ፣ ቢጫና ሰማያዊ ይዞ ሌላውን ቀላቅሎ ማግኘት ይሻላል። ልጆች ቀይና ቢጫ ብርቱካንማ እንደሚወልዱ በእጃቸው አሽተው ሲያዩት ከመጽሐፍ ካነበቡት በላይ ይይዙታል። ሁሉንም በአንድ ላይ ከደባለቁ ደግሞ ግራጫ ነው ወይም ቡኒ፤ እሱም አይጣልም፣ ለትልቅ ዶቃ ሆድ ይሆናል። ትልልቅ ቅርጾችን መሐላቸውን በተጨማደደ ፎይል መሙላትም ክሌይ ይቆጥባል።

ከእሽጉ እንደወጣ ጠንከር ይላል፤ መጀመሪያ መታሸት አለበት። እንደ ሊጥ ነው፣ ያልታሸ ኋላ ያሳጣል። አጥፈው ሲያዩት እጥፋቱ ካልተሰነጠቀ በቅቷል። መዳመጫ ከሌለ ለስላሳ ጠርሙስ ይበቃል፤ ብዙ የሚሠሩ ሰዎች የፓስታ ማሽን ይመድቡለታል። ማሽኑ ግን ከዚያ ወዲያ ለፓስታ አይመለስም። ጥሬው ክሌይ ውስጥ ያለው ማለስለሻ አንዳንድ ፕላስቲክና ቫርኒሽ ያቀልጣል፤ ሳሎን ያለው ጠረጴዛ ላይ ለአንድ ሌሊት ቢያድር ምልክቱን ትቶ ነው የሚነሣው። ስለዚህ ሥራው የመጋገሪያ ወረቀት ወይም አንድ የወለል ሴራሚክ ላይ ይሁን።

ሌላው ጣጣ ነጩ ክሌይ ነው። ከጣት ላይ ቀይ፣ ከሹራብ ላይ ብናኝ ይለቅማል። ቅደም ተከተሉን ያወቀ ቤት ከነጭ ጀምሮ በጥቁር ይጨርሳል። በእኛ ቤት ይህን ሕግ የምታስከብረው እናቴ ናት።

«እማማ፣ ነጩን ስጪኝ!»

«እጅሽን ታጥበሽ ነይ፤ ቀይ ነው እኮ፣ የኔ እናት።»

እናቴ ከልጅነቷ ጀምሮ እንዝርት አሽከርክራለች። ከሁላችንም እኩል የሆነ ዶቃ የሚወጣው ከእሷ መዳፍ ነው፤ ልጆቹ በማስመሪያ እየለኩ ያልደረሱበትን እሷ ሳታየው ታደርገዋለች። አራትና አምስት ዓመት የሆናቸው ሕፃናት ማሸት፣ ማድበልበልና በአዝራር ወይም በቅጠል ጀርባ ማተም ይችላሉ። ምላጩ የትልልቆቹ ነው። ሁሉን ነገር አፋቸው የሚከቱት ሕፃናት ግን ከማዕዱ ይራቁ።

ከሁሉም የሚያስደንቀው ሥራ ዘንጉ ነው። ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ዓይነት ሥዕል በሆዱ የያዘ የክሌይ ዘንግ ተሠርቶ በስሱ ሲቆረጥ፣ እያንዳንዷ ቁራጭ ያንኑ ሥዕል ይዛ ትወጣለች። ዘዴውን ክሌይ ሠሪዎች የወሰዱት ከቬኒስ ሙራኖ ብርጭቆ ሠሪዎች ነው። እኛ የምንወደው የነጠላ ጥለት የሚመስለውን ነው። ሦስት ሦስት ሚሊ ሜትር የሚወፍሩ ሁለት ጥቁርና ሁለት ቢጫ ንጣፎች እየተፈራረቁ ይደረባሉ። ክምሩ ከላይ ወደ ታች በሦስት ሚሊ ሜትር ስፋት በቁመቱ አራት ቦታ ይተለተላል። ከትልትሉ አንዱ እንደነበረ፣ ቀጣዩ ተገልብጦ ጎን ለጎን ሲገጠሙ የዳማ ሰሌዳ ይወጣል። ከዚያ ዘንጉን በሰያፍ በሚተያዩ ሁለት ጠርዞቹ ያዝ አድርጎ ጫን ሲሉት ሰሌዳው ሾጠጥ ይልና የጥለቱን ዓይን ይመስላል። ዘንጉ ከመሐል ወደ ዳር እየተጨመቀ ሲቀጥንም ሥዕሉ አብሮ ያንሳል እንጂ አይጠፋም። ሁለቱ ጫፎች መበላሸታቸው አይቀርም፤ ተቆርጠው ይወጣሉ።

እዚህ ላይ መቸኮል ያስጠይቃል። በእጅ የሞቀ ዘንግ ምላጭ ሲነካው ይላቆጣል፣ ቢጫው ጥቁሩ ላይ ይጎተታል። ፍሪጅ ውስጥ ሩብ ሰዓት ያህል አሳርፎ፣ በየቁርጡ ዘንጉን ትንሽ እያዞሩ መቁረጥ ነው፤ አለዚያ በአንድ ጎኑ ይተኛል። የቁልፉ ቀዳዳ በስቴኪኒ የሚበሳው አሁን ነው፤ ጠርዙ ላይ ከተጠጋ ሲሰፋ ይሸራረፋል።

ምድጃው ላይ ግን ቀልድ የለም፤ የአዋቂ ሥራ ነው። ፊሞ በ110 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ30 ደቂቃ ይጋገራል፤ ስካልፒ በ130 ዲግሪ፣ ለየስድስት ሚሊ ሜትር ውፍረቱ 15 ደቂቃ ያህል። ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ማመን ነው። የምድጃው መዘውር ግን አይታመንም፤ 130 ላይ ቆሞ ውስጡ 160 ሊሆን ይችላል። ክሌዩ ከመጠን በላይ ሲሞቅ ይጠቁራል፤ ከተቃጠለም ዓይንና ጉሮሮ የሚቆጠቁጥ የሃይድሮጅን ክሎራይድ ጋዝ ይለቃል። ያኔ ምድጃውን አጥፍቶ፣ መስኮት ከፍቶ፣ ልጆቹን ማውጣት ነው። ከሰል ላይ፣ ማይክሮዌቭ ውስጥና ምጣድ ላይ አይሞከርም። እንጀራ የሚያበስል ሙቀት ለዚህ ነገር እጅግ ይበዛበታል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን በማቃጠል ሳይሆን በማሳነስ ነው። በቅጡ ያልበሰለ ቁልፍ ሲያዩት ደህና ይመስላል፤ መሬት ሲወድቅ እንደ ብስኩት ይፈረካከሳል። ትኩሱ ሥራ ከምድጃ ሲወጣ ለስለስ ቢል ግን አይደንግጡ፤ የሚጠነክረው ሲቀዘቅዝ ነው። መሐል ላይ መብራት ቢጠፋም ሥራው አልተበላሸም፤ ሲመጣ እንደገና መጋገር ይቻላል፣ አንዱን ቅርጽ ደጋግሞ መጋገር አይጎዳውም።

የቀዘቀዘውን በብርጭቆ ወረቀት እያረጠቡ ማለስለስ፣ ከዚያ በጂንስ ጨርቅ መወልወል ይበቃዋል። በአክሪሊክ ቀለም መቀባት ይቻላል፤ የጥፍር ቀለም ግን ገጹን ያሟሟዋል፣ ያጣብቀዋል። ቁልፉ የተሰፋበት ልብስ በእጅ ይታጠብ፤ ላውንደሪ ለደረቅ እጥበት ከመሰጠቱ በፊት ቁልፎቹ ይነቀሉ። ሲኒ፣ ማንኪያና ሳሕን አይሠራበትም፤ ምግብ የሚነካ ዕቃ የዚህ ሥራ አይደለም።

ለመጀመር ካሰቡ ሁለት ቀለም ብቻ፣ ነጭና ጥቁር፣ ይበቃዎታል። ምድጃ ውስጥ የሚቀመጥ ትንሽ ቴርሞሜትር ግን የግድ ነው። ገንዘብ ካነሰ ከቀለሙ ቀንሰው እሱን ይግዙ።