ስለ ፊሊፕስ የሚወራውና እውነታው

ሚኒያፖሊስ ውስጥ ሐበሻ ቡና ላይ ተቀምጦ የፊሊፕስ ሰፈር ከተነሣ ሦስት ነገር ሳይባል አይታለፍም፦ የሶማሌ ሰፈር ነው፤ ሰዉ የሚኖረው በዌልፌር ነው፤ ቆጠራ ላይ መመዝገብ ጣጣ ያመጣል።

የመጀመሪያው ቶሎ ያልቃል። ብዙ ሰው ፊሊፕስን ረጃጅም ፎቆች ካሉበት ከጎረቤቱ ከሴዳር ሪቨርሳይድ ጋር ያምታታዋል። ሶማሌው ብዙ ነው፤ ኦሮሞውም አማራውም አለ። የፍራንክሊን ጎዳና ግን የቀደምት አሜሪካውያን መናኸሪያ ነው። ለመብታቸው የሚታገሉበት ንቅናቄ እ.ኤ.አ. በ1968 የተመሠረተው በዚሁ ከተማ ሲሆን፣ 212 ቤት ያለው ሊትል ኧርዝ የተባለው መንደራቸውም ከ1970ዎቹ ጀምሮ እዚሁ ሰፈር ነው። ሌክ ስትሪት ላይ ስፓኒሽ ይሰማል። ፓርክ አቬኑ ላይ የቆመው የስዊድኖች ተቋም ደግሞ ቀድሞ ማን ይኖር እንደነበር ይመሰክራል።

ሁለተኛው ወሬ ሰው ያስቀይማል። መንግሥት ዕድሜ ልክ ይቀልባቸዋል ይባላል። ልጅ ላለው ቤተሰብ የሚሰጠው የጥሬ ገንዘብ እርዳታ ግን በደንቡ ጣሪያው በሕይወት ዘመን 60 ወር ነው፤ ከዚያ የሚያልፈው በችግር ምክንያት ሲፈቀድ ብቻ ነው። ሴክሽን ኤይት የተባለውን የኪራይ ድጎማ ያገኘ ሰውም በነፃ አይኖርም፤ ከገቢው 30 በመቶ ያህሉን ለኪራይ ይከፍላል፣ ደመወዙ ሲያድግ ኪራዩም አብሮ ያድጋል።

ደግሞ ሥራ አይመስልም እንጂ ሥራ የሆነ ብዙ አለ። የታመሙ እናቱን ቤት ሆኖ የሚጦር ጎልማሳ ጎረቤቱ «ሥራ ፈት» ይለዋል። ሰውየው ግን ደመወዝ የሚከፈለው የቤት ውስጥ ተንከባካቢ (በተለምዶ ፒሲኤ የሚባለው) ነው፦ ፈተና አልፏል፣ የወንጀል ማጣሪያ ተደርጎለታል፣ ሲገባና ሲወጣ በስልኩ ሰዓት ይመዘግባል፣ ታክስም ይቆረጥበታል። ሰፈሩ ውስጥ አቦት ኖርዝዌስተርንን የመሰለ ትልቅ ሆስፒታል ስላለ ማታ ወጥቶ ጠዋት የሚገባም አለ፤ ቀን መጋረጃ ዘግቶ ሲተኛ ያየው ሁሉ የፈለገውን ያወራል። ሥራ ጠፍቶ አያውቅም ማለቴ አይደለም። ሌክ ስትሪት ላይ ያለው ግዙፉ ሲርስ በ1994 ተዘግቶ፣ ሕንፃው ውስጥ ሚድታውን ግሎባል ማርኬት የተከፈተው በ2006 ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ለአንድ ሰፈር ቀላል አይደለም።

ሦስተኛው ቆጠራው ነው። «ስሜን ከሞላሁ ኢሚግሬሽን ይደርሰዋል» የሚለው ፍርሃት ያለ ምክንያት አልተፈጠረም፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የቆጠራ መረጃ ጃፓናውያን አሜሪካውያንን ለማደን ውሏል። የዛሬው ሕግ ግን የግለሰብን መልስ ያወጣ ሠራተኛ እስከ 5 ዓመት እስራትና እስከ 250,000 ዶላር ቅጣት እንደሚጠብቀው ይደነግጋል፤ ቅጹም ለ72 ዓመት ተቆልፎ ይቆያል።

«ፊሊፕስ ውስጥ ይህን ያህል አማርኛ ተናጋሪ አለ» ብሎ ቁጥር የሚጠራ ሰው ቢገጥማችሁ ደግሞ ከየት እንዳመጣው ጠይቁት። የቆጠራ ቢሮው የተለመዱት የቋንቋ ሠንጠረዦች አማርኛን፣ ሶማልኛንና ሌሎች ዘመድ ቋንቋዎችን በአንድ ረድፍ ጠቅልለው ነው የሚያወጡት። በ2020 ግን ቅጹ በዘር ጥያቄው ሥር «ኢትዮጵያዊ» ብሎ በራስ እጅ ለመጻፍ ቦታ ነበረው፤ ያንን ባዶ የተወ ሰው «ጥቁር» ተብሎ ብቻ አለፈ። መቆጠር ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም፦ በዚያው ቆጠራ የኒው ዮርክ ግዛት 89 ሰው ጎድሎባት አንድ የምክር ቤት መቀመጫ አጥታለች። የመጨረሻዋን መቀመጫ ያገኘችው ሚኒሶታ ናት።